ገንዳውን አትድፊው፣ መብራቱን ቀንሺ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ ካዘጋጀች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ከታች 3 ሳንቲ ሜትር አፈር አለ፣ ከላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር። ማሞቂያ አለው። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ትንሽ ስፖንጅ ነው። አምስት ተክል ተክላ፣ በሦስተኛው ቀን ጋፒ የሚባሉ 10 ትንንሽ ዓሣዎች ጨመረች። አሁን ውሃው እንደ ወተት ነጥቷል፣ መስታወቱ ላይ ቡናማ ብናኝ ተለጥፏል፣ ቅጠሎቹ እየሟሙ ነው፣ አራት ዓሣዎች ሞተዋል። መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል። «ሁሉንም ደፍቼ እንደገና ልጀምር? ወይስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና ትልቅ ማጣሪያ ልግዛ? ሽሪምፕስ መቼ ነው የምጨምረው?» ትላለች።

እህቴ፣ አትድፊው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሁሉ እጁ የሚሄደው ወደ ባልዲው ስለሆነ ነው ይህን ያስቀደምኩት። ብትደፊው ጠጠሩ ላይና ስፖንጁ ውስጥ ገና መኖር የጀመሩትን ባክቴሪያዎች አብረሽ ትደፊያለሽ። ከዚያ አዲስ ውሃ፣ አዲስ አፈር፣ እንደገና አንደኛ ሳምንት፣ እንደገና ሦስተኛ ሳምንት፣ እንደገና ወተት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ከነገርሽኝ አራት ችግር ሦስቱ ጊዜ ሲያገኙ የሚያልፉ ናቸው። አንዱ ግን ዛሬውኑ እጅ ይፈልጋል። እሱም የዓሣዎቹ ጉዳይ ነው።

አዲስ አኳሪየም ውስጥ ዓሣ ሲሞት ብዙውን ጊዜ በሽታ ገብቶ አይደለም። የሚገድለው ከራሱ የሚወጣው ነገር ነው። ዓሣ ሲተነፍስ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል፣ የሚሟሟ ቅጠልም እንደዚያው። ባንቺ ገንዳ ላይ ደግሞ አፈሩ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ይለቃል። ይህን አሞኒያ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። አሞኒያና ናይትራይት በትንሽ መጠንም መርዝ ናቸው። ናይትሬት ግን በልኩ ከሆነ ዓሣውን አይጎዳም፣ ተክሉም ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ለገንዳው በሚበቃ ቁጥር እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንቺ 10ሩን ዓሣ ያስገባሽው እነሱ ገና ሳይኖሩ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የውሃውን ግማሽ ቀይሪ። አዎ፣ ግማሹን። ናይትራይቱ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ከነበረ 1 ይሆናል ማለት ነው፣ ሂሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ነገ ለኪው፣ አሁንም አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ ከ0.5 በላይ ከሆነ ድገሚው። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ከሌለሽ ትልቅ ማጣሪያ ልትገዢበት ያሰብሽውን ገንዘብ ለሱ አውዪው። ጠብታው ቀለሙን ሲቀይር የምታዪበት ዓይነት ከወረቀቱ ይሻላል።

የምትጨምሪው ውሃ ከቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ መውጣት አለበት። ተራ ክሎሪን በሰፊ ባልዲ አንድ ቀን ሲቆይ ይተናል። ክሎራሚን የሚባለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይተንም፣ ለእሱ የግድ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ ጠብታውን ተጠቀሚ። የአዲሱን ውሃ ሙቀት ደግሞ በእጅሽ ሳይሆን በቴርሞ ሜትር አመሳስዪው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ እንድታስተውዪ እፈልጋለሁ። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው ጫፍ ላይ እየከፈቱ ሲያለከልኩ አይተሻል? መቼ? ጠዋት መብራቱ ሳይበራ ብቻ ከሆነና እኩለ ቀን ላይ ከተረጋጉ፣ ችግሩ ምናልባት ኦክስጅን ነው። ተክል በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደኛ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅኑን ይወስዳል። ስለዚህ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያለከልኩ ከሆነ ግን ናይትራይት ጠርጥሪ። ናይትራይት ደማቸው ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ያበላሸዋል፣ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ እነሱ ግን ይታፈናሉ። ቀይ መሆን የነበረበት የመተንፈሻቸው ስንጥብ ወደ ቡናማ ሊሄድ ይችላል። ለሁለቱም ለጊዜው የሚረዳው የአየር ፓምፑን ሌሊትም ቀንም አለማጥፋት ነው።

ምግቡንም ቀንሺ። ለስድስት ጋፒ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ጨርሰው የሚበሉት ያህል ብቻ። አሞኒያው እስኪወርድ ድረስ በአንድ ቀን ልዩነት ብትመግቢያቸውም አይጎዱም። ሲለምኑሽ አትዘኚ፣ ጋፒ ጠግቦም ይለምናል።

አሁን ወደማያስፈሩት ሦስቱ። ወተት የመሰለው ውሃ የባክቴሪያ ብዛት ነው። ከአፈሩና ከሚሟሙት ቅጠሎች የሚወጣውን የሚበሉ፣ በፍጥነት የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ምግባቸው ሲያልቅ እነሱም ይቀንሳሉ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይጠራል። ኦክስጅን ስለሚሻሙ ነው ፓምፑን አታጥፊ ያልኩሽ። ቡናማው ብናኝ ዳያተም የሚባል አልጌ ነው፣ አዲስ ገንዳ ላይ ያልታየ እንደሆነ ነው የሚገርመኝ። በጣት ሲነካ ይለቃል አይደል? በስፖንጅ ጥረጊውና ተዪው፣ ሳምንታት ሲያልፉ ራሱ ይጠፋል።

ቅጠል መሟሟቱ ግን ሰውን ያስደነግጣል፣ ይገባኛል። አብዛኛው ለሽያጭ የሚቀርበው የአኳሪየም ተክል የሚያድገው ከውሃ በላይ ነው። ሥሩ እርጥብ ላይ፣ ቅጠሉ አየር ላይ። አየር ላይ የበቀለው ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲገባ አይሆንለትም፣ ይሟሟል፣ ተክሉ ደግሞ ለውሃ የሚሆን አዲስ ቅጠል ያወጣል። ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ይህን በማድረግ የታወቀ ነው። ቦታ ስትቀይሪለት እንኳ ቅጠሉን ሁሉ ጥሎ ባዶ ጉቶ ይመስላል፣ ሰዎችም ሞተ ብለው ነቅለው ይጥሉታል። አትንቀዪው! የሞተውን ቅጠል ከሥሩ ቁረጪና አውጪ፣ ውሃው ውስጥ እንዳይበሰብስ። ሥሩን ግን ተዪው። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ከመሃል እንደ መርፌ የቀጠነ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲወጣ ታያለሽ። እኔ በየገንዳው መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ቅጠል ነው። እሱን ካየሁ ገንዳው ተነሥቷል እላለሁ።

ስለ ጋዙ። አትግዢ። ጋዝ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ያንቺ ችግር መልስ ስላልሆነ ነው። ተክል ሦስት ነገር ይፈልጋል፣ ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና ማዕድናት። ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ብርሃኑ ነው፣ እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ቁጠሪው። ብርሃን በጨመርሽ ቁጥር ተክሉ ሌሎቹን ሁለቱን በዚያው ልክ ይጠይቃል። ጋዝ በሚረጭበት ገንዳ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ባንቺ ዓይነቱ ገንዳ ግን ከአየር የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፣ የተወሰነውን አፈሩ ሲብላላ ይጨምርለታል። በዚያ ላይ ይህ ጋዝ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አየር ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ቅጠሉ አጠገብ ያለው አልቆ ሌላው እስኪደርስ ተክሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እና በዚህ ሁሉ ላይ 12 ሰዓት ሙሉ መብራት ስታበሪ ምን ይሆናል? ተክሉ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ብርሃን አይጠቀምበትም። አልጌ ይጠቀምበታል። አልጌ በትንሽ ነገር መኖር ይችላል፣ ትርፍ ብርሃን ለሱ ድግስ ነው። ብዙ ሰው አልጌ ሲያይ ማዳበሪያ በዛ ብሎ ውሃ ይቀይራል፣ መድኃኒት ያፈሳል፣ ዓሣ ይገዛለታል፣ መብራቱን ግን አይነካውም። እኔ ጋ ከሚመጡት የአልጌ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመብራት ጥያቄዎች ናቸው።

ስለዚህ መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት አውርጂው። ታይመር አድርጊበት፣ በእጅ ከሆነ አንድ ቀን ትረሺዋለሽ። ከወር በኋላ አዲስ ቅጠል ካየሽና አልጌው ካልጨመረ ወደ 7፣ ከዚያ ወደ 8 ሰዓት። ከዚያ በላይ አትሂጂ። ገንዳው የመስኮት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ከሆነ ቦታ መቀየር ይኖርብሻል፣ ግን ሞልቶ ሳለ እንዳታነሺው! ከ50 ኪሎ በላይ ነው፣ መስታወቱም መጋጠሚያው ላይ ሊላቀቅ ይችላል። ወይ ውሃውን አጉድዪ ወይ መስኮቱን ጋርጂ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፣ ወደ ተክሉ። አምስት ተክል ለ54 ሊትር ጥቂት ነው። ጋዝ የሌለው ገንዳ የሚቆመው በተክል ብዛት ነው፣ ያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ብዙዎቹ የውሃ ተክሎች አሞኒያን ከናይትሬት አስቀድመው ነው የሚወስዱት፣ ስለዚህ በፍጥነት የሚያድግ ብዙ ተክል ካለሽ ባክቴሪያው እስኪደርስ ድረስ ማጣሪያሽ እሱ ነው ማለት ነው። ትልቅ ማጣሪያ አያስፈልግሽም ያልኩትም ለዚህ ነው። ከላይ ስታዪው ከመሬቱ ሁለት ሦስተኛው በተክል መሸፈን አለበት።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ልግዛ ብትዪኝ ተንሳፋፊ ተክል እልሻለሁ። ሳልቪኒያ፣ የውሃ ሰላጣ፣ ከሌለም ዳክዊድ። እነዚህ ቅጠላቸው አየር ላይ ስለሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደልባቸው ከአየር ይወስዳሉ፣ ሥራቸው ደግሞ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ አሞኒያውንና ናይትሬቱን ይጠጣል። ብርሃኑንም ይከልሉልሻል። ሆርንዎርትም እንዲሁ ነው፣ እውነተኛ ሥር እንኳ የለውም፣ ውሃው ላይ ትለቂዋለሽ፣ እሱ ያድጋል። የላዩን ግማሽ ሲሸፍኑ ትርፉን በእጅሽ እፈሺ፣ አለዚያ ታች ያለውን ያጨልሙታል። ያፈስሽውን ለአትክልት ማዳበሪያ አድርጊው እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳትጥዪ። እምቦጭ በዓለም ዙሪያ ስንት ውሃ እንደሸፈነ ታውቂያለሽ፣ እሱም ከትውልድ ቦታው በሰው እጅ የወጣ ተንሳፋፊ ነው።

ለመሬቱ ቫሊስኔሪያ ከኋላ፣ ክሪፕቶኮሪን ከመሃል። ቫሊስኔሪያ ካርቦኑን ከባይካርቦኔትም መውሰድ ስለሚችል ጠንከር ያለ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ውሃ ይወዳል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ደግሞ ለጥላ ቦታ። ግን እነዚህ ሁለቱን ጠጠር ውስጥ ቀብረሻቸው እንዳይሆን! ሁለቱም ቅጠሉና ሥሩ የሚወጣበት፣ እንደ ዝንጅብል ያለ ወፍራም አግድም ግንድ አላቸው። እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ሄደሽ እዪው አሁን። የተቀበረ ከሆነ ቀስ ብለሽ አውጪና ግንዱን በጣትሽ ጫን በዪው። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ከለሰለሰና ከሸተተ የለሰለሰውን ክፍል እስከ ጠንካራው ድረስ በስለት ቁረጪ፣ የቀረውን ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በጥጥ ክር እሰሪው። ክሩ ሲበሰብስ ሥሩ ራሱ ድንጋዩን ይዟል።

ቀጥ ያለ ግንድ ያላቸውን ተክሎች ስትተክዪ በጣት አትግፊ፣ ወረንጦ ተጠቀሚ። ከግንዱ ግርጌ ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች አንሺ፣ ጫፉን በወረንጦ ያዢና አጋድመሽ አስገቢው፣ ከዚያ ወረንጦውን ከፈት አድርገሽ እያወዛወዝሽ አውጪ። ቀጥ አድርገሽ ከተከልሽው ወረንጦውን ተከትሎ ይወጣል።

አፈርሽ 3፣ ጠጠርሽ 2 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ጥሩ ነው፣ ጠጠሩን ግማሽ ሳንቲ ብትጨምሪበት ይሻላል። ከዚህ በኋላ ግን መሬቱን አትቆፍሪው። ተክል ነቅለሽ ቦታ በቀየርሽ ቁጥር አፈሩ ይወጣል፣ አሞኒያም አብሮ ይለቀቃል። ከመሬት አረፋ ሲወጣ ብታዪ አትደንግጪ፣ አፈሩ እየተብላላ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ በሳምንት አንዴ በቀጭን እንጨት እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አድርጊው። ሥር ሲበዛ ይቀራል፣ ሥር ኦክስጅን ወደ አፈሩ ያስገባልና።

ስፖንጁን በተመለከተ ከራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ሥራውን ስጀምር አንድ በደንብ የያዘ ገንዳ ነበረኝ። ስፖንጁ ቆሽሾ አየሁትና ቧንቧ ከፍቼ እስኪነጣ ድረስ አጠብኩት። በሦስተኛው ቀን አሞኒያው ተነሣ፣ በሳምንቱ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ሰባት ዓሣዎች አጣሁ። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ጨርሷቸው ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በቀዳሽው አሮጌ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነው። ሁለት ሦስቴ ጨመቅ፣ በቃ። ቡናማ ሆኖ ይመለስ፣ ቡናማው ነው የሚሠራልሽ።

ከዚህ ቀውስ ከወጣሽ በኋላ እንክብካቤው ቀላል ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሪ። መስታወቱን ጥረጊ። የረዘመውን ቁረጪ፣ የቆረጥሽውን ጫፍ መልሰሽ ትከዪው። ስፖንጁ አየሩ ሲደክም ብቻ ይጨመቅ። ማዳበሪያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አትጨምሪ፣ አፈሩ ይበቃል። በኋላ ቅጠሉ ይነግርሻል፦ አሮጌው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሷል፣ አሮጌው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ከወጣ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ነው፣ አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ከወጣ ብረት ጠርጥሪ። የተበላሸው ቅጠል አይድንም፣ ለውጡን አዲሱ ላይ ነው የምታዪው።

ቀንድ አውጣ ከተክሉ ጋር መጥቶ ከሆነ አትግደዪው። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ጎልድፊሽና ቫሊስኔሪያ አብረው በአንድ ገንዳ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ያየበትን ሙከራ አቅርቦ ነበር። ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን እየሰጠ ነገሩ ጥሩ ይዞ ሳለ፣ የሚበሰብሰው ቅጠል ውሃውን አቆሸሸበት። መፍትሔ ያደረገው ምን መሰለሽ? ቀንድ አውጣ ጨመረ። የሞተውን ቅጠልና ዝቃጩን በሉለት፣ ውሃውም ጠራ። ቁጥራቸው ከመጠን በላይ ከበዛ ግን ምግብ እያበዛሽ ነው ማለት ነው። ምግቡን ቀንሺ፣ እነሱም ይቀንሳሉ።

ዓሣ አሁን አትጨምሪ፣ የሞቱትንም አትተኪ። የቀሩት ስድስት ጋፒዎች ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ መጨመርም አያስፈልግሽም። ሴቷ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፣ የወንዱን ዘርም ለወራት ማቆየት ስለምትችል ወንዶቹን ብታወጪ እንኳ መውለዷን አታቆምም። ገንዳው ለዚያ አይበቃም። ወንዶቹን አስቀርተሽ ሴቶቹን ለሚያሳድግ ሰው ብትሰጪ ይሻላል። ለወደፊቱም ጎልድፊሽ አታስቢ፣ ለዚህ ገንዳ በጣም ትልቅ ይሆናል።

ሽሪምፑን ግን ጠብቂው። ቀዩ ቼሪ ሽሪምፕ እንዲህ ላለ ገንዳ ምርጥ ነው፣ ከተክሉ ላይ ብናኙን ሲለቅም ስታዪው ሰዓቱ ያልፍብሻል። ነገር ግን ናይትራይትን ከዓሣ ባልተናነሰ ይጠላል፣ የሚበላውም ስስ አልጌና ዝቃጭ ገና በደንብ አልተፈጠረም። አሞኒያውና ናይትራይቱ ለአራት ሳምንት ያህል ሳይቆራረጥ ዜሮ ካሳየሽ፣ ናይትሬቱ ከ20 በታች ከሆነ፣ ያ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠልም ከወጣ አሥር ያህል አስገቢ። የመጡበትን ከረጢት ከፍተሽ የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ለአንድ ሰዓት አለማምጃቸው። እስከዚያው ለዓሣ መድኃኒት ብለሽ መዳብ ያለበት ነገር ገንዳው ውስጥ እንዳታፈሺ፣ ሽሪምፕ መዳብ አይችልም። ጋፒዎቹ ጥቃቅን ጫጩቶቹን ይበሏቸዋል፣ ስለዚህ አንድ ጥግ ላይ ጃቫ ሞስ የሚባል ተክል እፍኝ ሙሉ አስቀምጪላቸው፣ የሚተርፉት እዚያ ውስጥ ገብተው ነው።